ሩቅ ማን ነው? ኢታንግ፣ ትየርኪዲ እና የርቀት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ

«የርቀት ትምህርት» ስንል ማን ከማን እንደራቀ ጠይቀን አናውቅም። ቃሉ ራሱ ወገን ይዞ ነው የሚናገረው። ዩኒቨርሲቲው መሃል ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ የራቀው ተማሪው ነው። ስለዚህ ሁሌም አንድ ነገር ወደ ተማሪው «መድረስ» አለበት፦ ሞጁል፣ ሳተላይት፣ ፕላዝማ፣ ታብሌት፣ አሁን ደግሞ ኦንላይን ኮርስ።

ይህን ጥያቄ ከምር ለመጠየቅ ከጋምቤላ ክልል የተሻለ ቦታ አላውቅም። በተለይ ደግሞ ከኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ከትየርኪዲ። ትየርኪዲ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሚኖሩበት ካምፕ ነው። በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተከፈተ፣ ባለፉት ዓመታት 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው የኖረበት፣ በሕዝብ ብዛት ከብዙ የወረዳ ከተሞቻችን የሚበልጥ ሰፈር። ከአዲስ አበባ ሲታይ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘህ ጋምቤላ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኢታንግ ትቀጥላለህ።

ግን ይህ አካባቢ ሁሌም ጫፍ አልነበረም።

ኢታንግ በውል ላይ የሰፈረችበት ቀን

በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል ተፈራረሙ። በውሉ አራተኛ አንቀጽ ላይ የኢታንግ ስም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ከኢታንግ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ነው፤ የዛሬዋ ከተማ የተወለደችው ከዚያ ነው።

ምክንያቱ ውሃ ነበር። ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚያ ወጣ፤ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ በዚያ ገባ። በዚያ ዘመን ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ሰው በቅሎ ይዞ ተራራ ሲወጣ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ወደ ካርቱም ግን መርከብ አለ። ማለትም ጋምቤላ ለዓለም ቅርብ፣ ለአዲስ አበባ ሩቅ ነበረች።

ይህ እንዴት ተገለበጠ? ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መኪና መንገድ የንግዱን ፊት ወደ መሃል አገር አዞረው። ከሱዳን በኩል ደግሞ ጦርነት ወንዙን ዘጋው። መሬቱ ባለበት ነው ያለው፤ የተቀየረው መስመሩ ነው። ሩቅነት የካርታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ የለም፦ መስመሩን ማን ዘረጋው፣ ወደ የት ዘረጋው፣ መቼ አቋረጠው?

ይህችን ጥያቄ ያዟት። ስለ ኢንተርኔት ስናወራም ትመጣለች።

መሃሉ ሲተከል

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ኮሌጁን ያቋቋሙት ከካናዳ ኬቤክ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን፣ መሪያቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። (ኢየሱሳውያንን አትርሷቸው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ባላሰብነው በኩል ተመልሰው ይመጣሉ።) በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎች ተቋማት ተጠቃልለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ለረጅም ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ማለት አዲስ አበባ፣ ቢበዛ ደግሞ አለማያና ጎንደር ማለት ነበር። ከጋምቤላ የሚመጣ ልጅ አገር አቋርጦ ይመጣል፣ ካልሆነ ይቀራል። ጋምቤላ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ2007 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ከተከፈተ ከስልሳ ዓመታት በኋላ።

በመሃል ላይ ቴክኖሎጂ ይህን ርቀት እንደሚያጠፋው ደጋግሞ ቃል ገብቷል። የመጀመሪያው ትልቅ ቃል እ.ኤ.አ. በ1997 መጣ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ኢትዮጵያ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቷ በኩል ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘች። መላ አገሪቱ የተጋራችው መስመር በሰከንድ 256 ኪሎ ቢት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ለማየት የሚፈልገው ከዚያ ይበልጣል። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲን ጀመረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ መምህራን በሳተላይት ያስተምራሉ፣ እዚህ ያለው ተማሪ በቴሌቪዥን ይከታተላል፣ ጥያቄ ካለው በስልክ ይጠይቃል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሕንድ በበኩሏ የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክን ይዛ መጣች። ሐሳቡን ያቀረቡት የያኔው ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ነበሩ፤ የሙከራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። ትምህርቱ ከሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕክምና ምክሩ ከሕንድ ሆስፒታሎች በሳተላይትና በባሕር ሥር ገመድ ይመጣል።

አሁን ልብ በሉ። በሁለቱም ጊዜ ከዓለም ጋር የተገናኘው አዲስ አበባ ነው። ርቀቱ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ፣ በዴልሂና በአዲስ አበባ መካከል አጠረ። በአዲስ አበባና በኢታንግ መካከል ያለው ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተነካም። እንዲያውም ልዩነቱ ሰፋ ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ሁለቱም ያጡት ነገር ነበር፣ አሁን አንዱ አገኘው።

የፕላዝማ ትውልድ

«ሁሉም ጋ ይድረስ» የሚለው ትልቁ ሙከራ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፦ ፕላዝማ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚለቀቅ፣ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚሆን የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በየክፍሉ በተሰቀለ ስክሪን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በየቦታው ጥሩ የፊዚክስ መምህር ማግኘት ካልተቻለ አንድ ጥሩ መምህር ለሁሉም ይድረስ። ጋምቤላ ያለውም፣ ቦሌ ያለውም እኩል ይማር።

የሆነውን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት ይናገራል። «አንዴ ቆይ፣ አልገባኝም» አይባልም፤ ስርጭት ነውና አይቆምም። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል፤ ነገ መብራቱ ሲመጣ ስርጭቱ ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ነው። በቤቱ ኑዌርኛ ወይም አኝዋክኛ የሚናገር፣ በትምህርት ቤት አማርኛን እንደ ትምህርት የሚማር፣ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የሚከታተል ልጅ ደግሞ በየደቂቃው ሁለት ቋንቋ እየዘለለ ነው የሚሮጠው።

ከፕላዝማ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ስለ ስክሪኑ አይደለም፤ ስክሪኑ አጠገብ ስለቆመው ሰው ነው። ፕሮግራሙ መምህሩን ከአስተማሪነት ወደ ተቆጣጣሪነት አወረደው። ልጁን የሚያውቀው፣ ስሙን የሚጠራው፣ ፊቱን አይቶ «አልገባውም» የሚለው ሰው ዳር ተደረገ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለካስ ለትምህርትም ይሠራል።

በዚሁ ዘመን በግል ኮሌጆች በኩል የወረቀት ሞጁሉ የርቀት ትምህርት በፍጥነት አደገ። ለገጠር መምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች ዲግሪ ማግኛው መንገድ እሱ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን መንግሥት ጥራትን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን አገደ፤ ኋላ ላይ በተጠናከረ ቁጥጥር እንዲቀጥል ተደረገ። እገዳው ቢነሳም ጥላው ቀረ። «በርቀት ነው የተማረው» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ ድረስ ግማሽ ስድብ ነው። ዲግሪው ወረቀት ላይ እኩል ቢሆንም ቀጣሪው ፊት እኩል አይደለም። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ካምፕ ውስጥ ሲገባ በእጥፍ ይከብዳል።

በእግሩ የተሰደደው ትምህርት ቤት

ወደ ኢታንግ እንመለስ። ትየርኪዲ በኢታንግ የመጀመሪያው የስደተኞች ሰፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የሁለተኛው የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሕዝብ የሰፈረው እዚያው ኢታንግ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሺዎች ሳይሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዞ በዓለም ካሉ ትልልቅ ካምፖች አንዱ ሆነ። በደቡብ በኩል ደግሞ ፑኝዶ ነበር፤ ያለ ወላጅ በእግራቸው ሱዳንን አቋርጠው የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የተጠለሉበት። ዓለም በኋላ «የጠፉት ልጆች» ብሎ የጠራቸው እነሱ ናቸው።

ፑኝዶ ውስጥ ትምህርት ተጀመረ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ የተናገሩት ሁሉ አንድ ሥዕል ደጋግሞ ያመጣል፦ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በጣት አፈር ላይ ፊደል መጻፍ። ደብተር ኋላ ነው የመጣው። የሕፃናት አድን ድርጅቶች አገዙ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አስተማሩ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። ካምፖቹ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆኑ። ልጆቹ የጊሎን ወንዝ በሙላቱ ሲሻገሩ ብዙዎች ሰጠሙ፣ ብዙዎች በጥይት ሞቱ። የተረፉት በደቡብ ሱዳን በኩል ለወራት ተጉዘው እ.ኤ.አ. በ1992 ሰሜን ምዕራብ ኬንያ ደረሱ። የተጠለሉበት ቦታ ካኩማ ይባላል። ማለትም ካኩማ፣ ያ ስመ ጥሩ የኬንያ ካምፕ፣ የተመሠረተው በአመዛኙ ከጋምቤላ በተሰደዱ ልጆች ነው። ትምህርት ቤቱ በእግሩ ሄደ ብንል ማጋነን አይሆንም።

እና በኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ ካኩማ ልዩ ቦታ አላት።

ካኩማ፣ 2010

እ.ኤ.አ. በ2010 ኢየሱሳውያን ተመልሰው መጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋመው ያው ማኅበር በዩኒቨርሲቲዎቹ መረብ በኩል ለስደተኞች ኦንላይን ከፍተኛ ትምህርት ጀመረ። ካኩማና በማላዊ ያለው ዛሌካ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ነበሩ። ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የሊበራል ጥናት ዲፕሎማ፣ ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው በአሜሪካ ዴንቨር ያለው ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ።

እንዴት ነበር የሚሠራው? መምህሩ ሌላ አህጉር ላይ ነው፤ ተማሪው ግን ብቻውን አልነበረም። ካምፑ ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት የመማሪያ ማዕከል ተከፈተ። አስተባባሪና አስጠኚ ተቀጠረ። ትምህርቱ በቀጥታ ስርጭት አይተላለፍም፤ ተማሪው ኔትወርክ ሲመጣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይልካል። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አያልፈውም። የፕላዝማን ችግር በትክክል ገልብጦ የሠራ ነበር፦ ስክሪኑን አዘግይቶ ሰውየውን ያቀረበ።

በ2013 ካናዳ የደገፈችው ፕሮጀክት በኬንያ ዳዳብ ተከተለ፤ የዮርክ፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የሞይና የኬንያታ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ላይ ሆነው ካምፕ ውስጥ ላሉ መምህራን ማስተማር ጀመሩ። ሩዋንዳ ኪዚባ ካምፕ ውስጥ ኬፕለር የተባለው ተቋም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲን ዲግሪ ከአካባቢ አስተማሪዎች ጋር አገናኘ።

በተመሳሳይ ዓመታት ሌላው ዓለም በተለየ ነገር ሰክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ ለሁሉም ክፍት ሲሆን 160 ሺህ ገደማ ሰው ተመዘገበ። ኮርሴራና ኢድኤክስ ተፈጠሩ፤ «ዩኒቨርሲቲ አበቃለት» ተባለ። ከዚያ ግን ቁጥሩ ሲቆጠር ከሚመዘገቡት አብዛኞቹ እንደማይጨርሱ ታየ። ከጨረሱት መካከልም ቀድሞውንም ዲግሪ ያላቸው ብዙ ነበሩ። ቪዲዮው ነፃ ነው፤ ሰዓቱ፣ መብራቱ፣ እንግሊዝኛውና «አይዞህ፣ ቀጥል» የሚለው ሰው ግን ነፃ አይደሉም። ካኩማ ላይ የተሠራው ነገር ዝነኛ አልሆነም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያስመረቀው፤ ግን የሠራው እሱ ነው።

ትየርኪዲ

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አዲሲቱ ደቡብ ሱዳን ርስ በርሷ ተዋጋች። የአፐር ናይልና የጆንግሌ ሕዝብ፣ አብዛኛው ኑዌር፣ በፓጋክና በአኮቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ገባ። በሁለት ወር ትየርኪዲ ተከፈተ፣ በግንቦት ኩሌ ቀጠለ። በሌቾር የሰፈሩት በዚያው ክረምት ጎርፍ ጠረጋቸውና ወደ ጀዊ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ንጉኤንዬል ተጨመረ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በክልሉ ያለው የስደተኛ ቁጥር ብቻ ያንን ይበልጣል። ጋምቤላን «ስደተኞችን የምታስተናግድ ክልል» ማለት እንግዲህ ቀላል አባባል ነው፤ ክልሉ የራሱን ያህል ሌላ ክልል ተሸክሟል።

ካምፑ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቶሎ ተጀመረ። ሁለተኛ ደረጃ ዘግይቶ መጣ። ትምህርቱ የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ብሔራዊ ፈተና መውሰድ ማለት ደግሞ አገሪቱን ሁሉ ያስደነገጠውን በር መግፋት ነው፦ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ላብራቶሪና ቤተ መጻሕፍት ካለው ትምህርት ቤት የወጣው እንዲህ ከሆነ፣ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው የሚጋራበት ክፍል ውስጥ ያለው ምን ይሁን?

በሩን ያለፈውን የሚጠብቀው ቀጣዩ ጠባብ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚሠራው፣ ራሱ ስደተኛ በነበረው በአልበርት አንስታይን ስም የተሰየመው የዳፊ ስኮላርሺፕ አለ። መንግሥትም በተለይ ኤርትራውያን ስደተኞችን በዩኒቨርሲቲዎቹ ተቀብሎ አስተምሯል። ግን ቦታው ሁሌም ከፈላጊው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ላይ ካሉ ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ከደረሱ ስደተኞች ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የገባው 1 በመቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 7 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ግቡ በ2030 15 በመቶ ማድረስ ነው። ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ከሚጠቀሱት መንገዶች ዋነኛው ደግሞ ኦንላይን ነው።

አጥሩ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ለትየርኪዲ ሩቅ አይደለም። መኪና ካለ በአንድ ጠዋት ይደረሳል። ስደተኛ ተማሪን ከዩኒቨርሲቲ የሚለየው ከመንገዱ ይልቅ ወረቀት ነው፦ ከካምፕ ለመውጣት የይለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከተማ ለመኖር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ራሽኑ የሚሰፈረው ካምፕ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ገባች፤ ስደተኞችን በየደረጃው ትምህርት ማስገባትን ማሳደግ አንዱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ በአፍሪካ ካሉት ለጋስ ሕጎች አንዱ ነው ተብሎ ተመሰገነ፣ ይገባዋልም። ግን አዋጁን ቃል በቃል አንብቡት። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛው እንደ ዜጋ ይታያል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው ግን «ያለው ሀብት በፈቀደ መጠን» በሚል መንፈስ የተጻፈ ነው። ሀብት የሚፈቅድበት ቀን መቼ ነው?

ያው አዋጅ የቴሌኮም አገልግሎት ማግኘትንም በመብትነት አስፍሯል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። ሲም ካርድ በስምህ ማውጣት ካልቻልክ ሌላ ሰው ስም ላይ ባለ ቁጥር ነው የምትማረው፤ የይለፍ ቃልህ ሲጠፋ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው። ስደተኞች እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በፋይዳ መታወቂያ መመዝገብ የጀመሩት ለዚህም ጭምር ይጠቅማል። የኦንላይን ትምህርት የመጀመሪያው ትምህርት መስጫ ክፍል የሲም ካርድ መሸጫዋ ሱቅ ናት ብንል አልተሳሳትንም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ አጥሩን ይሻገርልናል ወይስ አጥሩ ቢኖርም ግድ እንዳይሰጠን ያደርገናል? «እዚያው ሆነህ ተማር» የሚለው ቃል ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ደግ ነው። ሌላው «እዚያው ሁን» ይላል።

ኮቪድ ያሳየን ነገር

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለው ተማሪዎቻቸውን ሲበትኑ፣ ለትንሽ ጊዜ አገሪቱ በሙሉ «ሩቅ ተማሪ» ሆነች። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን እንዲቀጥሉ ተወሰነ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን ባብዛኛው ለወራት ወደ ቤት ተመልሰው ጠበቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላፕቶፕ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ፓኬጅ ውድ ነው። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። በኦንላይን የሚማረውም ያልተማረውም እኩል ሆነ።

ያኔ የአዲስ አበባ ተማሪ የትየርኪዲን ተማሪ ኑሮ ለጥቂት ሳምንታት ቀመሰ ማለት ይቻላል። መስመሩ በሌላ ሰው እጅ ነው። ባሮ ላይ መርከቡ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላና መንግሥታት ሲስማሙ እንደነበረ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የጀመረው ኢ-ሺ የተባለ ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35 ሺህ መምህራንንና 800 ሺህ ተማሪዎችን ለመድረስ ያቀደ ነው። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 በከፊል ኦንላይን ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፦ ኮምፒውተር መንካት ከዚህ በኋላ ተጨማሪ ችሎታ አይደለም፣ ፈተናውን ለመፈተን ብቻ ያስፈልጋል። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሒሳቡን ቢችልም ሰዓቱ ይበላዋል።

ታዲያ ምን ይሠራል?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሦስት ነገር ይወጣል።

አንደኛ፣ አጠገብ ያለ ሰው። ካኩማ የሠራው አስጠኚ ስለነበረ ነው፤ ፕላዝማ የተሰናከለው መምህሩን ዳር ስላደረገ ነው። ትየርኪዲ ውስጥ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ፣ ሥራ የሌላቸው፣ ኑዌርኛም እንግሊዝኛም የሚችሉ ወጣቶች አሉ። የኦንላይን ኮርስ በጀት ሲሠራ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የእነሱ ደመወዝ ነው፣ ከዚያ ታብሌቱ።

ሁለተኛ፣ ለጠፋው መስመር የተሠራ ትምህርት። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ጥራቱ መካከለኛ ቢሆን እንኳ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይበላል። ያው ትምህርት በጽሑፍ ቢዘጋጅ ለጥቂት ሳንቲም ይወርዳል። እንደ ኮሊብሪና ኪዊክስ ያሉ ሶፍትዌሮች ትምህርቱንና ሙሉ ዊኪፒዲያን በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነው በዋይፋይ ለክፍሉ ሁሉ ያሰራጫሉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። አንድ የፀሐይ ፓኔል፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ክፍል። ኢንተርኔት በሳምንት አንዴ ቢመጣ ይበቃል፤ የቤት ሥራው ይሄዳል፣ እርማቱ ይመጣል። ያኔ የባሮ መርከብም የሚመጣው በየዕለቱ አልነበረም፤ ነጋዴው ግን ቀኑን ያውቅ ነበር።

ሦስተኛና ዋናው፣ ወረቀቱ። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ የኦንላይን ዲግሪ እዚህ አገር አቻ ግመታ ማለፍ አለበት። ደቡብ ሱዳን ሰላም ሆና ቢመለስ እዚያም መታወቅ አለበት። ከሁለቱም ቦታ ካልታወቀ ተማሪው ሦስት ዓመት ለፍቶ የያዘው የሚያምር ፒዲኤፍ ነው። «በርቀት ነው የተማረው» የሚለውን ግማሽ ስድብ ያስታውሷል? «በርቀት፣ ያውም ካምፕ ውስጥ» ሲባል ምን እንደሚሆን አስቡት። ይህን ደግሞ የሶፍትዌር ባለሙያ አይፈታውም፤ ባለሥልጣን በፊርማው ነው የሚፈታው። ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚህ ጋ የማንም ዩኒቨርሲቲ የሌለው ዕድል አለ። ትምህርቱ ከየትም ይምጣ፣ ፈተናውን የሚሰጠው፣ ላብራቶሪውን የሚከፍተው፣ ማኅተሙን የሚመታው ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ያ ወረቀት የኢትዮጵያ ወረቀት ነው። የአካባቢው ወጣትም ያንኑ ማዕከል ይጠቀማል። ደግሞም መጠቀም አለበት፤ ለስደተኛው ብቻ የተከፈተ ላብራቶሪ አጠገብ መጽሐፍ ያጣ የኢታንግ ትምህርት ቤት ካለ ቅሬታው በቂ ምክንያት አለው።

ሦስቱም ብርቅ ቴክኖሎጂ አይደሉም። ደመወዝ፣ ፀሐይ ፓኔል፣ ማኅተም። የዕርዳታ ገንዘብ እየቀነሰ፣ ራሽን እየተቆረጠ ባለበት ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው ደመወዝ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለት ደግሞ ታብሌት። ፎቶ ላይ ታብሌት ያምራል። አስጠኚ ፎቶ ላይ ተራ ሰው ነው የሚመስለው።

ኢታንግ በመቶ ሃያ ዓመት ውስጥ በዓለም አቀፍ ውል ላይ የሰፈረች የወደብ እጩ ሆናለች፣ በዓለም ካሉት ትልልቅ ካምፖች የአንዱ ስም ሆናለች፣ ዛሬ ደግሞ በሪፖርት ውስጥ «ተደራሽ ያልሆነ አካባቢ» ትባላለች። መሬቷ አንድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሚኒስትር ወይም አንድ ድርጅት «ትምህርትን ወደ ሩቅ አካባቢ አደረስን» ሲል ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁለት፦ አጠገባቸው ማን አለ? መስመሩ ሲቋረጥስ? ወረቀቱን ማን ይቀበለዋል? መልስ ካለው አጨብጭቡለት። መልስ ከሌለው የራቀው ተማሪው ሳይሆን እሱ ነው።